«ሊበራል» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው ነው?

ዴንማርክ ውስጥ «ግራ» የሚባል ፓርቲ አለ። ቀኝ ነው። ቀልድ አይደለም። በዴንማርክኛ ስሙ ቬንስትረ ነው፤ ቃል በቃል «ግራ» ማለት ነው። ግብር ይቀነስ የሚል፣ የገበሬውና የነጋዴው ወገን የሆነ፣ ለመቶ ዓመት ገደማ ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር ሲፎካከር የኖረ ፓርቲ ነው። ከስሙ ቀጥሎ «የዴንማርክ ሊበራል ፓርቲ» የሚል ተቀጽላም አለው። ለአሜሪካው አበሻ ይህ ነገር አይዋጥለትም። እሱ ባለበት አገር ሊበራል የሚባለው ግራ ዘመሙ ነው። ኮፐንሃገን ላይ ግን ሊበራሉ በስሙ ግራ፣ በአቋሙ ቀኝ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

የ2025ን ዜና ብቻ እንይ። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የካቲት ላይ ሊበራሎቹ ከጀርመን ፓርላማ ወጡ ተባለ። ጥቅምት ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሊበራሎቹ አሸነፉ ተባለ። በመሃል ደግሞ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች አገሪቱን ያበላሿት ሊበራሎች ናቸው ሲሉ ከረሙ። የእኛ ዜና ሦስቱንም በአንድ ቃል ያልፋቸዋል። አንባቢው አንድ ዓይነት ሰዎች አንዱ ጋ ወድቀው ሌላው ጋ የተነሱ ይመስለዋል። የጀርመኖቹ ሊበራሎች ግን አሜሪካኖቹ ሊበራሎች የሚጠይቁትን በጀት ቢያዩ ራሳቸውን ይይዛሉ።

ቃሉ ብቻውን አንድ ፖለቲከኛ ምን እንደሚፈልግ አይነግረንም። የሚነግረን አያቶቹ ከማን ጋር እንደተጣሉ ነው። ሊበራል በየአገሩ መልኩን ያገኘው ከባላጋራው ነው። ባላጋራው ንጉሥ ከሆነ አንድ መልክ፣ ባለርስት ከሆነ ሌላ መልክ፣ የመንግሥት ቢሮክራሲ ከሆነ ደግሞ ሌላ መልክ ይዟል።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሊቤር» ነፃ ማለት ነው፤ ባሪያ ያልሆነ። ከእሱ «ሊቤራሊስ» ወጣ፦ ለነፃ ሰው የሚገባ። ከእኛ ቃላት በጣም የሚቀርበው «ጨዋ» ይመስለኛል። በድሮው አማርኛ ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ፣ ከነፃ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር። ቀስ በቀስ አመሉ የታረመ፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ሰው መጠሪያ ሆነ። ላቲኑም በዚያው መንገድ ሄዷል፤ ከትውልድ ወደ ጠባይ። ሮማውያን ዘንድ ሊቤራሊስ የሚባለው እጁ የተፈታ ቸር ሰው ነበር። የነፃ ሰው ልጅ የሚማራቸው ትምህርቶችም፣ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃ፣ በዚሁ ስም ተጠሩ። ዛሬ የአሜሪካ ኮሌጆች «ሊበራል አርትስ» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። ከዴሞክራትና ከሪፐብሊካን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህን ስም ሰምቶ ልጄን ሊያበላሹብኝ ነው ብሎ የሚሰጋው ወላጅ ግን ቤቱ ይቁጠረው።

በእንግሊዝኛም ለብዙ መቶ ዓመታት ቃሉ ቸር ማለት ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ «ልቅ፣ አፉን የማይገታ» የሚል የስድብ ትርጉምም ነበረው። የፖለቲካ ቡድን መጠሪያ የሆነው ግን እንግሊዝ ውስጥ አይደለም።

ካዲዝ፣ 1810

የናፖሊዮን ጦር ስፔንን ወሯል። ንጉሡ ፈርናንዶ 7ኛ ፈረንሳይ ውስጥ ተይዟል። ካዲዝ ወደ ባሕር የገባች የወደብ ከተማ ናት። በየብስ በኩል የፈረንሳይ ጦር ከቧታል፤ በባሕር በኩል የእንግሊዝ መርከቦች ይጠብቋታል። እዚያ የተሰበሰቡ እንደራሴዎች፣ ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የመጡም ጭምር፣ መድፍ እየሰሙ ሕገ መንግሥት ይጽፋሉ። ገሚሶቹ ሉዓላዊነት የሕዝብ ነው፣ የንጉሡ ሥልጣን ይገደብ፣ ጋዜጣ በነፃነት ይታተም አሉ። እነዚህ «ሊበራሌስ» ተባሉ። ቃሉ ያኔ ቸርና ልበ ሰፊ ማለት ስለነበር ስሙ ብቻውን ግማሽ ድል ነው። ተቃዋሚዎቻቸውን ደግሞ «ሰርቪሌስ» አሏቸው፤ ሎሌዎች እንደማለት። ነጠላውን ቃል ለሁለት ከከፈሉት «ሰር ቪል» ይሆናል፦ «ወራዳ መሆን»። ሰምና ወርቅ የሚወድ አንባቢ ይህችን ኅብረ ቃል ዝም ብሎ አያልፋትም።

ሕገ መንግሥቱ ማርች 19 ቀን 1812 ታወጀ። ዕለቱ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ስለነበር ሕዝቡ «ላ ፔፓ» የሚል ቅጽል ሰጠው፤ ፔፔ የዮሴፍ የቁልምጫ ስም ነው። ከሁሉ የሚገርመው አንቀጽ 12 ነው። የስፔን ሃይማኖት ካቶሊክ ነው፣ ወደፊትም ካቶሊክ ይሆናል፣ ሌላ ሃይማኖት ማካሄድ ክልክል ነው ይላል። በፖለቲካ ታሪክ ሊበራል ተብለው የተጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያጸደቁት ይህንን ነው። ዛሬ ቡዳፔስትም ሆነ ቴክሳስ ላይ «ሊበራል ማለት ሃይማኖት ጠል ነው» የሚል ሰው ይህን አንቀጽ ቢያነብ ምን ይል ይሆን? የካዲዞቹ ጠብ ከእግዚአብሔር ጋር አልነበረም። ከንጉሡ ፍጹም ሥልጣንና ከኢንኩዊዚሽን፣ መናፍቅ እያለ ከሚቀጣው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ ጋር ነበር። ኢንኩዊዚሽንንም በ1813 ሽረውታል።

ፈርናንዶ በ1814 ተመለሰ። ሕገ መንግሥቱን ሰረዘ፣ ሊበራሎቹን አሰረ። በ1820 እንደገና ተነሱበት፤ በ1823 የፈረንሳይ ጦር ገብቶ ሥልጣኑን መለሰለት። ብዙዎቹ ተሰደው ለንደን ገቡ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፓርቲን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ጠላት ነው። ቶሪ የሚባሉት የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች የአገራቸውን ለውጥ ፈላጊዎች ለማዋረድ ሆን ብለው በስፔንኛው አጻጻፍ «ሊበራሌስ» ይሏቸው ነበር። የባዕድ ነገር አምጪዎች ናችሁ ለማለት። ተሰዳቢዎቹ ስድቡን አንስተው ለበሱት። በ1859 የቶሪዎች የድሮ ተቀናቃኝ የሆኑት ዊጎች፣ ራዲካሎቹና ከቶሪዎች የተገነጠሉት የሮበርት ፒል ተከታዮች ለንደን ውስጥ ተሰብስበው ተስማሙ፤ የሊበራል ፓርቲ ልደት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ርካሽ ዳቦና ጡረታ

የእንግሊዞቹ ባላጋራ ንጉሡ ሳይሆን ባለርስቱ ነበር። ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ ሲጣል አገር ውስጥ ያለው ስንዴ ይወደዳል። ትርፉ ለመሬት ባለቤቱ፣ ጉዳቱ ዳቦ ገዝቶ ለሚበላው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ያኔ «ነፃ ንግድ» ብሎ መጮህ ርካሽ ዳቦ መጠየቅ ነበር። ዛሬ ነፃ ገበያ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ባለሀብቱ ነው። በ1840ዎቹ ማንቸስተር ላይ ግን ከባለ ፋብሪካው ጋር ሠራተኛውም ይመጣ ነበር። የእህል ቀረጡ በ1846 ተነሳ።

ቀረጡ ተነሳ፤ ድህነቱ ግን አልተነሳም። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሊበራል ፓርቲ ምሁራን፣ በልቶ የማያድር ሰው ነፃ ነው ማለት ቀልድ ነው ማለት ጀመሩ። በ1908 ፓርቲው የጡረታ ሕግ አወጣ፤ 70 ዓመት ለሞላው ችግረኛ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ። በ1909 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ባለርስቱን የሚነካ ግብር አመጣ። በ1911 የሕመምና የሥራ አጥነት መድን ተከተለ። ዊንስተን ቸርችል ያኔ ሊበራል ሚኒስትር ነበር። መንግሥት እጁን ይሰብስብ ሲል የኖረ ፓርቲ፣ ስሙን ሳይቀይር፣ መንግሥት እጁን ይዘርጋ አለ። ይህን ክህደት የሚሉት አሉ። እኔ ግን የተቀየረው ባላጋራው ይመስለኛል። ነፃነትን የሚከለክለው ንጉሥና ቀረጥ ብቻ ሳይሆን ማጣትም ነው ካልክ፣ ከማጣት ጋር የሚታገል መንግሥት ትፈልጋለህ።

ውቅያኖሱን የተሻገረው ይህ ሁለተኛው ትርጉም ነው። በ1930ዎቹ ፍራንክሊን ሩዝቬልት የመንግሥት ሥራ ፕሮግራሞቹንና የማኅበራዊ ዋስትና ሕጉን ሊበራል ብሎ ጠራቸው። ተቀናቃኙ ኸርበርት ሁቨር እውነተኛው ሊበራል እኔ ነኝ እያለ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም። በ1932 ምርጫውን ተሸነፈ፤ ቀጥሎ ቃሉንም ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሊበራል ማለት ግራ ነው። በ1988 ምርጫ ግን ሪፐብሊካኖቹ የዴሞክራቶቹን ዕጩ ማይክል ዱካኪስን «ሊበራል» እያሉ ሲያሳድዱት ቃሉ እንደ ብልግና ቃል በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይጠራ ጀመር። ብዙ ዴሞክራቶች ዛሬ «ተራማጅ» መባልን ይመርጣሉ። የእኛን የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ ያ ቃል የራሱ ሌላ ጣጣ አለው።

የዴንማርኩን ግራ እዚህ ላይ እንፍታው። 19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ በኮፐንሃገን ፓርላማ «ቀኝ» የሚባሉት ባለርስቶችና የንጉሡ ሹማምንት ነበሩ። «ግራ» የሚባሉት ገበሬዎቹ ናቸው። ቬንስትረ በ1870 ሲመሠረት ንጉሡ የሚሾመው መንግሥት የተመረጠውን ምክር ቤት አብላጫ ይስማ የሚል ጥያቄ ይዞ ነው። ለ30 ዓመት ታግሎ በ1901 አሸነፈ። ባላጋራው ባለርስቱና ዘውዱ በነበረበት ዘመን ግራ ነበር ማለት ነው። በዚያው መሃል የፋብሪካ ሠራተኛው ተደራጅቶ ሶሻል ዴሞክራቶቹ መጡ። ቬንስትረ ከወንበሩ አልተነሳም። ሌሎች መጥተው በግራው በኩል ተቀመጡ፤ እሱ ሳይንቀሳቀስ ቀኝ ሆነ። በ1905 ከእሱ የወጣው ክንፍ ደግሞ ራሱን «ራዲካል ግራ» አለ። ዛሬ መሃል ሰፋሪ ነው፤ ራዲካልም ግራም አይደለም። ኖርዌይም በ1884 የተመሠረተ የራሷ «ግራ» አላት። እሱም ሊበራል ነው።

የፓሪሷ ነርስ

ፓሪስ ውስጥ አንድ ሕንጻ መግቢያ ላይ «አንፊርሚዬር ሊቤራል» የሚል ሰሌዳ ብታዩ የነርሷ የፖለቲካ አቋም እንዳይመስላችሁ። ሆስፒታል ሳትቀጠር በግሏ የምትሠራ ነርስ ናት። ጠዋት በየቤቱ እየዞረች ለስኳር በሽተኛው ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ከቀዶ ሕክምና ለወጣው የቁስሉን ፋሻ ትቀይርለታለች፣ ሒሳቧን ለሕክምና መድኑ ትልካለች። የግል ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ አርክቴክቱም «ሊቤራል» ሙያተኛ ይባላል። የሮማውያኑ «ለነፃ ሰው የሚገባ» የሚለው ትርጉም እዚህ ሰሌዳ ላይ ሳይሞት ኖሯል። ነርሷ ኮሚኒስት ልትመርጥ ትችላለች። ብዙ ጊዜም ሊቤራል ፖለቲከኛ ትጠላለች ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም፤ ክፍያዋን የሚቆርጠው እሱ ነውና።

ፈረንሳይ ውስጥ የፖለቲካው ሊቤራል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከንጉሥ አክራሪዎቹ ጋር ሲዋጋ ነው የጀመረው። በኋላ ሪፐብሊኩ አሸነፈ። ምርጫው፣ የፕሬስ ነፃነቱ፣ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን መለያየቱ የሁሉም ንብረት ሆነ። የጋራ ንብረት የፓርቲ ስም አይሆንም። ለሊቤራሉ የቀረለት ባላጋራ አንድ ብቻ ነበር፦ ትልቁ የፈረንሳይ መንግሥት ራሱ። ስለዚህ ዛሬ ፓሪስ ላይ ሊቤራል ማለት ገበያውን ልቀቁት ባይ ነው። ፊቱ ላይ «ኡልትራ» ከተጨመረበት ስድብ ነው።

ይህ ስድብ ጉልበቱን ያሳየው በ2005 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በዚያው ሰሞን ፍሪትስ ቦልከስታይን የሚባል ሆላንዳዊ የኅብረቱ ኮሚሽነር ሳለ ያረቀቀው መመሪያ አገር ያምስ ነበር። አንድ ድርጅት ሌላ አገር ሄዶ አገልግሎት ሲሰጥ በመጣበት አገር ሕግ ይተዳደር የሚል ነው። ፈረንሳዮቹ የሰሙት «የፖላንድ ቧንቧ ሠራተኛ በፖላንድ ሕግ ፓሪስ መጥቶ ሊሠራ ነው» ተብሎ ነው። ግራው «ኡልትራ ሊቤራል አውሮፓ» እያለ ቀሰቀሰ። ሜይ 29 ቀን 55 በመቶ የሚጠጋው መራጭ አይሆንም አለ። ቦልከስታይን የአገሩን ሊበራል ፓርቲ የመራ ሰው ነው፤ ለእሱ ቃሉ የክብር መጠሪያ ነው። አንዱ እንደ ማዕረግ የተሸከመውን ስም ሌላው እንደ ክስ አነበበው።

የኢማኑኤል ማክሮን ሰዎች በ2019 ከአውሮፓ ፓርላማው የሊበራሎች ቡድን ጋር ሲቀላቀሉ ሒሳቡ ተከፈለ። ቡድኑ «የሊበራሎችና የዴሞክራቶች ጥምረት» የሚለውን ስሙን ጥሎ «ሪኒው ዩሮፕ» ሆነ፤ አውሮፓን ማደስ እንደማለት። ፈረንሳይ ውስጥ ቃሉ ድምፅ ያስቀንሳል። ስለዚህ የአውሮፓ ሊበራሎች ትልቁ የፓርላማ ቡድን ስሙ ላይ ሊበራል የሚል ቃል የለበትም። ሁለቱ የዴንማርክ «ግራዎች» እዚያ ውስጥ ናቸው። የአየርላንዱ ፊያና ፎይልም አለበት፤ እሱን ሊበራል ብሎ የሚጠራ አየርላንዳዊ ማግኘት ይከብዳል። የሮማኒያው ብሔራዊ ሊበራል ፓርቲ ደግሞ በስሙ ሊበራል ሆኖ ከ2014 ጀምሮ ከወግ አጥባቂዎቹና ከክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ጎራ ገብቷል። የፖርቱጋሉ ሶሻል ዴሞክራትም እዚያው ነው። የፖርቱጋሉን ዛሬ ባናነሳው ይሻላል።

ጣልያኖች ብልሃት አግኝተዋል። ሁለት ቃል አላቸው። «ሊበራሌ» የሕሊናና የፖለቲካ ነፃነት የሚል ነው። «ሊበሪስታ» የገበያ ነፃነት የሚል ነው። ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ ሁለቱ የግድ አብረው አይሄዱም ይል ነበር፤ ሊበራል መሆን የሞራል ጉዳይ ነው፣ የኢኮኖሚው ዘዴ እንደ ጊዜው ይቀየራል። የኢኮኖሚ ምሁሩ ሉዊጂ ኤይናውዲ፣ ኋላ በ1948 ፕሬዚዳንት የሆነው፣ የዳቦ ገበያውን በሙሉ አንድ መንግሥት ከያዘው የሕሊና ነፃነት የት ይኖራል ብሎ ሞገተው። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም እነዚህን ሁለት ቃላት ቢኖሯቸው ግማሹ የጋዜጣ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ጀርመንኛም ሁለት ቃል አለው፤ የተጠቀመባቸው ግን ለሌላ ነገር ነው። «ሊበራል» እና «ፍራይሃይትሊሽ»። ሁለተኛው ከራሱ ከጀርመንኛው «ነፃነት» የወጣ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ይህን የያዘው የነፃነት ፓርቲ ነው፤ በ1950ዎቹ ሲመሠረት የመጀመሪያ መሪው የሂትለር ኤስኤስ ጦር የቀድሞ መኮንን ነበር። ይህ ፓርቲ እስከ 1993 የዓለም አቀፉ የሊበራሎች ማኅበር አባል ነበር ብዬ ስናገር ሰዎች አያምኑኝም። በዚያው ዓመት የስደተኛ ጥላቻው ያንገሸገሻቸው አባላቱ ወጥተው የሊበራል መድረክ የሚባል ፓርቲ መሠረቱ፤ ፓርቲውም ከማኅበሩ ወጣ። በ2024 ምርጫ አንደኛ የወጣው ይኸው የነፃነት ፓርቲ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ «ሊበራሎቹ» ሲባል ቢጫ ቀለም ያለው ነፃ ዴሞክራት ፓርቲ ማለት ነው። የመንግሥት ዕዳ አይጨመር ብሎ ሲሟገት ኖቬምበር 2024 ላይ ጥምር መንግሥቱ ፈረሰ፤ በተከታዩ ምርጫ 4.3 በመቶ አግኝቶ 5 በመቶውን መስፈርት ሳያልፍ ቀረ። ኔዘርላንድስ ላይ ያሸነፈው ዲ66 ግን ሌላ ነው፤ አውሮፓን የሚወድ፣ ለማኅበራዊ ነፃነት የሚሟገት መሃል ሰፋሪ። እዚያው አገር የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የማርክ ሩተ ፓርቲም ሊበራል ነው። በ2024 ሩተ ቀድሞ ይመራው የነበረው ፓርቲ ከስደተኛ ተቃዋሚው ከኻርት ቪልደርስ ጋር መንግሥት ሲመሠርት ዲ66 ተቃዋሚ ወንበር ላይ ነበር። ሁለቱም ብራስልስ ሲሄዱ አንድ ቡድን ናቸው።

ቡዳፔስት፣ ዋርሶ፣ አዲስ አበባ

ሀንጋሪ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሊበራል የአገር ቃል ነበራቸው፦ «ሳባድኤልቩ»፣ ነፃ መርህ ያለው። አገሪቱን ለብዙ ዓመታት የገዛ ፓርቲም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። የተከበረ፣ የአያት የሚመስል ቃል ነው። ከ1989 በኋላ ግን ፖለቲካው የወሰደው «ሊበራሊሽ» የሚለውን የውጭውን ነው። ኋላ ለረጅም ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቪክቶር ኦርባን ያኔ የሊበራሎች ወገን ነበር። ፓርቲው ፊደስ ዓለም አቀፉ የሊበራሎች ማኅበር ውስጥ ነበር፤ እሱም ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ሠርቷል። በ2000 ጥለው ወጡ። በ2014 ሮማኒያ ውስጥ ሀንጋሪዎች በሚኖሩባት ቱሽናድ በምትባል ከተማ ባደረገው ንግግር «ኢሊበራል መንግሥት» እንገነባለን አለ። ዛሬ በደጋፊዎቹ አፍ «ሊብሺ» ማለት ከተሜ፣ የውጭ ገንዘብ የሚበላ፣ አገሩን የማይወድ ሰው ነው። ስለ ገበያ አንዳች ነገር የለበትም።

ፖላንድ ላይ ቁስሉ ሌላ ነው። ከ1990 በኋላ ፋብሪካ ሲዘጋና ዋጋ ሲንር ለውጡን የመሩት ሊበራል ይባሉ ነበር። የዛሬው ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ ያኔ የመራው ትንሽ ፓርቲ ስሙ ላይ ሊበራል ነበረበት፤ ሕዝቡ ግጥም አበጀለት፦ «ሊበራዊ አፈራዊ»፣ ሊበራሎች ሙሰኞች እንደማለት። በ2005 የካቺንስኪ ወንድማማቾች ምርጫውን ሲያሸንፉ «የመተሳሰብ ፖላንድ» ከ«ሊበራል ፖላንድ» ጋር ተፋጠጠች እያሉ ነው የቀሰቀሱት። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ የሊበራል ዴሞክራት ፓርቲ መሪ ማን ነበር? ጽንፈኛው ብሔርተኛ ቭላዲሚር ዢሪኖቭስኪ። ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

እኛ ጋ ቃሉ በሰፊው የገባው «ኒዮ» ተቀጥሎበት ነው። ይህኛው ራሱ ታሪክ አለው። በ1938 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ምሁራን ኒዮሊበራል ሲሉ የድሮው ልቅ ገበያ አላዋጣም፣ መንግሥት ደንብ ያስቀምጥ ማለታቸው ነበር። በ1980ዎቹ በደቡብ አሜሪካ በኩል ዞሮ ሲመጣ የዓለም ባንክና የአይ ኤም ኤፍ መጠሪያ ስድብ ሆኖ ነበር። አቶ መለስ ዜናዊ ኒዮሊበራሊዝምን በጽሑፍም በንግግርም ተችተዋል፤ መልሳቸው ልማታዊ መንግሥት ነው። እስከዚህ ድረስ የፓሪሱ ግራ ከሚለው ብዙም አይርቅም።

ግን የኢቲቪ ዜና «የኒዮሊበራል ኃይሎች» ሲል ባንኩን ብቻ አልነበረም። የሰብአዊ መብት ድርጅቱንም፣ የውጭ ጋዜጠኛውንም፣ ተቃዋሚውንም ይጨምር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 (ይህ እንኳ በእኛው ዓ.ም. ነው) በመብት ጉዳይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያመጣ ታሰረ። ሀንጋሪ ከውጭ ገንዘብ የሚያገኙ ማኅበራትን የሚመለከት ሕጓን ያወጣችው በ2017 ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ቃል በኢኮኖሚው ፓሪስን ይመስላል፣ በፖለቲካው ቡዳፔስትን ይመስላል፤ ከቡዳፔስት ደግሞ ቀድሟል። ከካዲዙ ቸር ሰው ጋር የቀረው ዝምድና የፊደል ብቻ ነው። የእኛው አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ተሻረ። ስድቡ ግን በአንዳንድ አፍ ላይ እስከ አሁን አለ።

የትርጉም ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ለዘብተኛ» ይሉታል። እኔ አይጥመኝም። ለዘብተኛ የሚለው የአቋምን ልስላሴ ነው። ካዲዝ ላይ በመድፍ ተከበው የንጉሥን ሥልጣን የገደቡ ሰዎች ምናቸው ለዘብተኛ ነው? የጀርመኑ ፓርቲም በዕዳ ጉዳይ መንግሥት እስኪፈርስ ድረስ ችክ ያለ ነው። የሃይማኖት ሰባኪ ደግሞ «ልቅ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እሱ እንኳ ሳያውቀው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ጋር ገጥሟል። የተሻለው ሊበራል ብሎ ትቶ ከአጠገቡ ባላጋራውን መጻፍ ነው፦ ግብርንና ዕዳን የሚቃወመው የጀርመን ሊበራል፣ የቪልደርስ ተቀናቃኝ የሆነው የሆላንድ ሊበራል። አርዕስቱ ይረዝማል። ይርዘም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ የማይሆንበት ቦታ አለ። ስዊድን ምርጫዋን የምታካሂደው በየ4 ዓመቱ በሴፕቴምበር ሁለተኛ እሑድ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰውም በአገሪቱ 3 ዓመት ከተመዘገበ ለከተማውና ለክልሉ ምክር ቤት ይመርጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚህ መንገድ ይመርጣሉ። እዚያ እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱ የምርጫ ወረቀት አለው፤ መርጠህ ታነሳለህ። ከመካከላቸው አንዱ ላይ «ሊበራሌርና» ይላል። በዚህ ስም ብቻ መጠራት የጀመረው በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት «የሕዝብ ፓርቲ ሊበራሎቹ» ነበር። በዩቲዩብ የአሜሪካን ፖለቲካ ሲከታተል የኖረ ሰው ሊበራልን ስደተኛ ወዳድ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ይህ ፓርቲ በ2022 ምርጫ 4.6 በመቶ አግኝቶ የፈረመው፣ የቲዶ ስምምነት የሚባለው የመንግሥት ምሥረታ ውል ግን ስደተኛ ተቃዋሚ ከሆኑት ከስዊድን ዴሞክራቶች ጋር ጭምር ነው። ስምምነቱ ውስጥ የጥገኝነት ሕጉ እንዲጠብቅ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለጥገኝነት ጠያቂዎች እንዲቀር፣ የዜግነት መስፈርቱም ከፍ እንዲል ተጽፏል።